የክብር እንግዳው እውነታቸውን ነው

ዘንድሮ ያልጠበቅኩት ነገር ደረሰኝ፤ ለምርቃት የክብር እንግዳ ሆኜ ተጠራሁ። ኮሌጁ ትንሽ ነው፤ ስሙን ብጠራው እሱንም እኔንም አያስከብርም። ጥቁር ካባ ያለብሱኛል፣ የፕላስቲክ አበባ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ኋላ ያስቀምጡኛል፣ ከዚያ ንግግር አደርጋለሁ። ንግግሩ አላሳሰበኝም። የአገራችን የምርቃት ንግግር አንድ ዓረፍተ ነገር እንደሆነ፣ ለጭብጨባ እንዲመች እየተጎተተ ግማሽ ሰዓት እንደሚሞላ ማን የማያውቅ አለ? «ውድ ተመራቂዎች፣ ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ!»

ይህን ቃል የሚያሽሟጥጡ ምቀኞች አሉ። «ተናጋሪው ራሳቸው ምን ሥራ ፈጥረው ያውቃሉ?» ይላሉ። እኔ ከነሱ ጋር የለሁበትም። ሰው አጥብቆ የሚመክረው ያልሞከረውን ነው፤ የሞከረውማ ደክሞት ዝም ይላል። እኔኑ ተመልከቱ። የተመረቅኩት በደርግ ጊዜ ነው። መንግሥት መደበኝ፣ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ፣ ቢሮ ገባሁ፣ ወር ሲሞላ 500 ብር ቆጥሬ ፈረምኩ። ሲቪ የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም፣ ለቃለ መጠይቅ ከረባት አላሰርኩም፣ ዋስ አምጣ ያለኝም የለም። በመጨረሻም ከወንበሬ ተነስቼ ጡረታ ወጣሁ። እንግዲህ ስለ ሥራ ፈጠራ ከእኔ የተሻለ ተናጋሪ ከየት ይመጣል?

የምኖረው ደጃች ውቤ ሰፈር ነው፤ የድሮ ሰው ውቤ በረሃ የሚለው። ስብሃት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ላይ የጻፈው ሌሊት የኛ ሰፈር ሌሊት ነው። ታላላቆቻችን ሲያወሩ፣ በጃንሆይ ዘመን ትኩስ ዲግሪ የያዘ ጎረምሳ የመጀመሪያ ደመወዙን ቋጥሮ እዚህ ይገባና ሲነጋ ኪሱ ነጥፎ ይወጣ ነበር። ቢነጥፍም ሰኞ ጠዋት የሚጠብቀው ጠረጴዛ ነበረው። ደርግ ሰዓት እላፊ አወጀና ሌሊቱ ተዘጋ፤ በ2016 ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣና ጎረቤታችንን ዶሮ ማነቂያን ጠራርጎ ወሰደው። ዛሬ በሰፈራችን የሚያልፈው ትኩስ ዲግሪ የሚያባክነው ደመወዝ የለውም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የሥነ ምግባር መሻሻል አላየሁም።

የእህቴ ልጅ ከነዚህ ጨዋዎች አንዱ ነው። ከ2001 ወዲህ ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል አገር በመሐንዲስ ጥማት ልትሞት ነው ብለን አምነን ነበርና፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ሲደርሰው እናቱ እልል አለች። ከቤቱ ርቆ አምስት ዓመት ተማረ። የመውጫ ፈተናውንም አለፈ፤ ያንን በ2015 ሲጀመር ከተፈታኙ ከግማሽ በላይ የጣለውን። ችግሩ፣ ልጁ አንድ ክፉ አመል አለው፤ ምኞቱ ከልክ ያልፋል። በተማርኩት ልሥራ ይላል። ደመወዙ ያንድ ክፍል ኪራይ ከፍሎ ምሳ የሚያበላ ይሁን ይላል። «ጋሼ፣ ይሄ በዛ?» ሲለኝ፣ «በዛ እንጂ! ዝቅ ብለህ ጀምር» አልኩት። ዝቅ ማለት ምን ነውር አለው? ከሱ በፊት የነበሩት ዲግሪያቸውን ሻንጣ ውስጥ አጋድመው ኮብልስቶን ጠርበው የለም እንዴ?

ልጁ ምክር ይሰማል፤ አራት ኪሎ ወርዶ ጋዜጣ እየተከራየ ማንበብ ጀመረ። እዚያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን በስልኩ ያነሳል፣ ማታ ቴሌግራም ላይ ያድራል። አንዱን ማስታወቂያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ሲል ሁለታችንም ደስ አለን። ቀጥሎ፣ «በተመሳሳይ ሙያ የሠራ ቅድሚያ ይሰጠዋል»። ቀጥሎ፣ «በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የሚችል፣ መንጃ ፈቃድ ያለው፣ በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል»። «ብዛት፦ 1»። «ደመወዝ፦ በስምምነት»። ይሄን ስምምነት የሚለውን ወደድኩት። አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ ሲገናኙ ስምምነት ላይ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅም።

«እንግዲያው የመንግሥት ሥራ ሞክር» አልኩት። የዲግሪ መነሻ በ2018 ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። እኔ በ500 ብሬ ቤት ተከራይቼ፣ እናቴን ጦሬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ ኢትዮጵያ እገባ ነበር፤ 11,500 ብር ሲባል የሚያዞር መሰለኝ። ልጁ እስክሪብቶ አወጣና ገንዘቡን ወረቀት ላይ ያከፋፍለው ጀመር፤ ኪራይ፣ ታክሲ፣ ምሳ። እራት ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለመሆኑ ክፍት ቦታ አለ?» ብዬ ብጠይቀው ግን ከልቡ ሳቀ።

ቆይቶ ሲገባኝ ግን የክብር እንግዶቹ እውነታቸውን ነው፤ ልጁ ሳይታወቀው ሥራ ፈጣሪ ሆኖ አርፎታል። በምርቃቱ ሰሞን ብቻ ጋውን አከራዩን፣ ፎቶ አንሺውን፣ ፊቱን በር በሚያህል ባነር ላይ ያተመውን፣ ኬክ ጋጋሪውንና በግ ነጋዴውን ሥራ አስያዘ። የምርቃቱን መጽሔት ያሳተመውንም መርሳት ግፍ ነው፤ ልጁ እዚያ ላይ «የመጨረሻ ቃል» በሚለው ቦታ «ይቻላል!» ብሎ ጽፏል። ከተመረቀ ወዲያማ ድርጅቱ ሰፋ። የወጪ መጋራት ዕዳውን የሚያሰላ ሠራተኛ አለ፤ ዕዳው ሳይጣራ ዋናው ዲግሪ አይወጣም፣ ዕዳውን የሚከፍለው ደሞ ዲግሪ አሳይቶ ከሚያገኘው ደመወዝ ነው። ጋዜጣ አከራዩ አለ፣ የቴሌግራም ቻናሉ ባለቤት አለ፣ ለአንድ ቦታ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲፈተን አበል ተቆርጦለት የሚቆም ፈታኝ አለ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በልጁ ሥራ ማጣት እንጀራውን ይበላል። ነገ ሥራ ቢያገኝ ስንት ቤት ይዘጋል!

ይህ አደጋ አንዴ ደርሶ ነበር። አንድ ድርጅት ቀጠረው። አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይብለጥ ይላል፤ አሠሪው ሕግ አክባሪ ነውና በ58ኛው ቀን ጠርቶ «በጣም ጎበዝ ልጅ ነህ፣ ግን…» ብሎ ሸኘው። በማግስቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ጎበዝ ልጅ ተቀመጠ። በዚህ ሂሳብ አንድ ወንበር በዓመት አምስት ወጣት ይቀጥራል፤ ሥራ ፈጠራ ማለት እንዲህ ነው። ያው አዋጅ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ቦርዱም እንደ እህቴ ልጅ ስልክ ሲጠብቅ ነው ዓመታት ያለፉት።

ከፈጠራዎቹ ሁሉ የምታስደንቀኝ ግን ፒያሳ ደረጃ ሥር ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ናት። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ፋይዳ፤ ለአንድ ማመልከቻ አንድ እስር ወረቀት። ልጅቷ ስሙን አታውቀውም፤ የምትጠራው በውጤቱ ነው። «3.21 መጣህ? ዛሬ ስንት ስንት ላንሳ?» ትለዋለች። የማሽኑ መስታወት ጥጉ ላይ ጭረት አለበት። ዲግሪው በከተማው ቀጣሪ ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ከነጭረቱ ተኝቷል።

ንግግሬንም ያስተየብኩት እሷው ዘንድ ነው። ያረቀቀልኝ ልጁ ነው፤ ጊዜ አለው፣ አማርኛውም ከኔ ይሻላል። «ሥራ ጠባቂ ሳይሆን» የሚለው ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ማየት ትታ በቃሏ ጨረሰችው።

«አንቺም ተመርቀሻል እንዴ?» አልኳት።

በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። ላሚኔት የተደረገ የአካውንቲንግ ዲግሪ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «የላሚኔሽን ናሙና፦ በዚህ መጠን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሁለት ኮፒ አትማ ሰጠችኝና ሂሳቤን ተቀበለች። «ፋይሉን አላጠፋውም ጋሼ» አለችኝ፤ «የሚቀጥለው የክብር እንግዳ ሲመጣ ስሙን ብቻ ነው የምቀይረው።»