እንጦጦ ላይ ቢሮ መክፈት

ይህን ምክር የምጽፈው ሰኞ ጠዋት መልቀቂያ ለሚያስገቡ ወጣት አርክቴክቶች ነው። ለምን ሁልጊዜ ሰኞ እንደሚሆን ሳይገባኝ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ግን ተገለጠልኝ፤ ደብዳቤው የሚረቀቀው እሁድ፣ እዚያ ባሕር ዛፍ መሃል፣ ማኪያቶ እየተጠጣ ነው።

እናም ወንድሜ፣ ቢሮ ልክፈት ወይስ ልቆይ የሚለውን ጥያቄ ከታች ሆነህ እንዳታነሳው። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ ካሰብከው የቤት ኪራይ ትዝ ይልህና ወኔህ ይከዳሃል። ወደ ላይ ውጣ። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሒሳብም ይቀልላል። ከተማዋን ቁልቁል ስታያት እያንዳንዱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያንተን ፊርማ የሚጠብቅ ውል ይመስልሃል። ጉም ካለ ደግሞ እሰየው፤ ሌሎች ቢሮዎች የሠሯቸው ሕንፃዎች አይታዩህም።

እዚያው ተራራ ላይ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠርተው ነበር። ብርዱ ሲበረታ፣ ማገዶ ሲጠፋ፣ እቴጌ ጣይቱም ፍልውሃን ሲወዱት፣ በ1879 አዲስ አበባ ከታች ተቆረቆረች። ንጉሥ እንኳ ማገዶ ቆጥሮ ነው የወረደው። አንተ ግን አትቁጠር። ሥራ እስኪገባ ስንት ወር ኪራይ እከፍላለሁ፣ ስንት ወር ምን እበላለሁ ማለት የነጋዴ ወሬ ነው።

ቀጥሎ ስም አውጣ። ከሁሉም በፊት ስም! ባለፈው እሁድ ሦስት ልጆች ከፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አርባ ደቂቃ ሙሉ ሶፍት ላይ ሎጎ ሲስሉ አየሁ። የመጀመሪያውን ፊደል ጣሪያ አስመሰሉት። ጣሪያው ላይ መስኮት ጨመሩ። መስኮቱን አነሱት። መጨረሻው "ስቱዲዮ" ይሁን ወይስ "ላብ" በሚለው ሊጣሉ ደረሱ። አስተናጋጇ ሂሳብ አምጥታ መልስ እስክትመልስ ባለው ጊዜ ደግሞ የዓመቱ በጀት ተሠርቶ አለቀ፤ በወር ሦስት ፕሮጀክት ብለው በአሥራ ሁለት አባዙት። ሠላሳ ስድስት። የማን ፕሮጀክት እንደሆነ ሶፍቱ ላይ ቦታ አልነበረም፤ ሎጎው ይዞታል።

ሽርካዎችህን ከዚያው ጠረጴዛ ምረጥ። ሦስታችሁም ፋሳድ የምትወዱ፣ ሦስታችሁም ደንበኛ ማነጋገር የምትፈሩ፣ ሦስታችሁም በአንድ አለቃ ያኮረፋችሁ ብትሆኑ ይመረጣል። ሚካኤል ቴድሮስ በ1950ዎቹ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር ተጣምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ የመሰለ ሥራ ሲያቆም ሁለቱ በኩርፊያ የተገናኙ አልነበሩም፤ ግን እነሱ የድሮ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ደንበኛ እንምጣ። የመጀመሪያው ደንበኛህ አጎትህ ይሁኑ። "እስቲ አንተ ልጅ፣ ለገጣፎ ያለችውን ቦታ ጫር ጫር አድርግልኝ" ሲሉህ፣ ጫር ጫር የሚለው ቃል ስንት ሌሊት እንደሆነ አትጠይቃቸው። ውል አትጻፍ፤ ለአጎት ውል ማቅረብ ነውር ነው። ቅድሚያ ክፍያ የሚባለውን ነገርማ አፍህም አይልመደው። ሰባት ጊዜ ለውጥላቸው። ስድስተኛው ላይ ባለቤታቸው ወጥ ቤቱ ከቤት ይውጣ ይላሉ፤ አውጣው። ሰባተኛው ላይ "የጎረቤቴን የመሰለ ነው እንጂ የምፈልገው" ይመጣል። ከሦስት ወር በኋላ ሬንደርህ በሌላ ልጅ እጅ፣ በርካሽ፣ ማህተም ተመትቶበት ክፍለ ከተማ ሲገባ ትሰማለህ። ለበዓል ስትሄድ ግን ዶሮው እንዳማረ ተናገር።

ሬንደሩን ካርታው ሳይደርስህ፣ መሬቱ ሳይለካ ጀምር። ግቢው 200 ካሬ ቢሆንም የመዋኛ ገንዳ ይግባበት። በር ላይ ጣሪያ የሌላት ቀይ መኪና አቁም። የሚራመዱት ሰዎች በሙሉ ፈረንጆች ይሁኑ፤ አንዷ ነጭ ውሻ ትጎትት፣ አንዱ በስኬትቦርድ ይለፍ፣ ለገጣፎ ውስጥ! ሰማዩ ሁልጊዜ የጀምበር መጥለቂያ ይሁን። በሃያ ዓመት ሥራዬ ዝናብ የሚዘንብበት ሬንደር አንድም አላየሁም፤ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እዚህ አገር የማይመጡ ይመስል። ጠፍጣፋው ጣሪያ የት በኩል እንደሚያዘነብል አሸንዳው ራሱ ይወስን።

ፈቃድህ ገና ካልደረሰ አትጨነቅ፤ የሰው ማህተም ተከራይ። ፈቃድህ ከደረሰ ደግሞ አከራየው። ቤትህ ቁጭ ብለህ፣ ያላየኸው ፕላን ላይ፣ ባልረገጥከው ሳይት፣ ስምህ ብቻውን ወጥቶ ይሥራልህ። ለምን ትደክማለህ?

አይ፣ ይህንስ ቀልጄም አልችለውም። ማህተም እኮ ቀለም አይደለም! ኮለን ሲሰነጠቅ የሚጠራው የተከራየው ልጅ አይደለም፤ አንተ ነህ። አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውንና ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃ ምድብ ሐ ብሎ ለብቻው ያስቀመጠው ለጌጥ ነበር? ከሥር ሱቅ አለ፣ ከላይ ሰው ይተኛል። ስምህን በኪራይ የምታወጣ ከሆነ ቢሮ ሳይሆን ጉልት ክፈት፤ ጉልት የምትሸጠዋ ሴት እንኳ ቲማቲሟን ገልብጣ አይታ ነው የምትሸጠው።

ወደ ምክራችን። ቲን ቁጥር፣ ንግድ ፈቃድ፣ 15 በመቶ ቫት፦ ይህን ለሒሳብ ሠራተኛህ ተወው። ሒሳብ ሠራተኛ የለህም? እንግዲያው ለእግዚአብሔር ተወው።

ክፍያውን በሙሉ ወደ መጨረሻ ግፋ። ደንበኛ የግንባታ ፈቃዱ እጁ ሲገባ ስልኩ ለምን "ጥሪ አይቀበልም" እንደሚል የዘርፉ ምስጢር ነው፤ በራስህ ላይ ካልደረሰ አይገባህም።

ደግሞ ፍራንሲስ ኬሬን ጥቀስ። እንጦጦ ላይ የኬሬ ስም ሳይነሳ የተከፈተ ቢሮ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከርን የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ መሆኑን አንሣ። የጋንዶን ትምህርት ቤት ገና ተማሪ ሳለ ነድፎ፣ ገንዘቡን ራሱ አሰባስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሠራው፣ በርሊን ቢሮ የከፈተው ግን ከአራት ዓመት በኋላ እንደሆነ አታንሣ። ሥራ ቀድሞ ቢሮ መከተሉ ሎጎውን ያዘገየዋል።

ኢንተርን መቅጠርህ አይቀርም። አትክፈለው፤ "ልምድ ታገኛለህ" በለው። ሌሊቱን አሳድረህ ያሠራኸው ፕላን ላይ ስሙን አትጻፍ። ይህን ከማን እንደተማርክ አውቃለሁ፤ ከእኔ ነው። የሆቴሉ ፕላን ላይ ስምህን አልጻፍኩም፤ አኩርፈህ ነበር፣ እውነትህንም ነበር። እኔም በጊዜዬ ስሜን ባልጻፈ አለቃ አኩርፌ ነው የወጣሁት፤ ያኔ ፓርክ ስላልነበረ ያኮረፍኩት ስድስት ኪሎ ሻይ ቤት ነው። ለስምንት ወር ማገዶ አጥሮኝ ማታ ማታ ለሰው ፕላን እየሣልኩ ኖርኩ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ቢሮዬ ውስጥ ያለው ታሪክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራ የሞላ ነው።

እሁድ ዕለት ከኋላችሁ ያለው ጠረጴዛ ላይ ኮፍያ አድርጎ የተቀመጠው ሰውዬ እኔ ነበርኩ። "ስቱዲዮ" ከ"ላብ" ይሻላል። መልቀቂያህን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ እፈርማለሁ፤ ስምህንም ፕላኑ ላይ እጽፋለሁ። የሦስተኛውን ፎቅ የደረጃ ዲቴይል ግን ጨርሰህ ውጣ፤ ፎርማኑ ረቡዕ ጠዋት ይፈልገዋል።