ምስጋና ለብሎካችን ኮሚቴ

የብሎካችንን ኮሚቴ የሚያሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሕንጻ የሚያምረው ባዶውን ሳለ ነው። ሰው ከገባበት በኋላ ወጥ ይቁላላበታል፣ ልጅ ይሮጥበታል፣ ሽማግሌ ይስልበታል። ኮሚቴያችን ሌት ተቀን የሚደክመው ይህን ጉዳት ለመቀነስ ነው።

በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ከተከለከለ ወዲህ ግቢያችን የቀን መቁጠሪያ ላይ የሚወጣ ፎቶ መስሏል። እኛ የምናሰጣው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። የልጄ የትምህርት ቤት ሹራብ ቅዳሜ ታጥቦ ማክሰኞ ይደርቃል፤ ሰኞን እርጥቡን ለብሶት ይውላል። መምህሩ ስለ ሳሉ ቢጠይቁኝ "የሕንጻው ገጽታ ነው" አልኳቸው።

ከሰል በረንዳ ላይ ማያያዝም ክልክል ነው። የፊት ለፊት ጎረቤቴ ከግቢው ውጭ አስፋልት ዳር አያይዛ፣ ምድጃውን ይዛ አራት ፎቅ ትወጣለች። ሊፍት የለንም። ባለፈው ደረጃው ላይ አመድ በትናብን 200 ብር ተቀጣች። ደረሰኝ ተቆርጦላታል፤ ኮሚቴው በዚህ አይታማም።

አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራ መጠቀሚያቸውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ይላል። "መጠቀሚያ" የምትለዋ ቃል ግን ሰው ታሳስታለች። ኮሚቴያችን "መጠበቂያ" ብሎ አስተካክሎ ያነባታል።

ኮሚናሉን እንውሰድ። ኮንዶሚኒየም ሲታቀድ አንድ የአበሻ ኑሮ የገባው ሰው ነበር መሰለኝ፣ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት የጋራ ቤት ከመኖሪያው ጎን እንዲሠራ ተደረገ። አጉል አሳቢነት! ኮሚቴያችን ስህተቱን አርሞ ለሲሚንቶ ነጋዴ መጋዘን አከራይቶታል። ኪራዩ ለጥበቃው ደመወዝ ይከፈላል። ጥበቃው ደግሞ ማንም በግ ይዞ ኮሚናሉ ውስጥ እንዳይገባ ይጠብቃል። አንዱ አንዱን እንዲህ ደግፎ የቆመበት ሥርዓት የት ይገኛል?

የላይኛዋ እማማ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ አንዲት በርጩማ ነበረቻቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚያች ላይ አረፍ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ነበር ቀሪውን የሚወጡት። መተላለፊያ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ስለሚከለከል በርጩማዋ ተነሣች። አሁን እማማ በሬዲዮ ነው የሚያስቀድሱት። ደረጃው እንዴት እንደጸዳ!

ለፋሲካ በግ ገዛን። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ልክ የእማማ በርጩማ የነበረችበት ቦታ ላይ ተኛና አልነሣም አለ። በግ ደንብ አያነብም። ተሸክመን አወጣነው፤ ኮሚናሉ ሲሚንቶ ስለሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከልጄ ሹራብ ሥር አረድነው።

በማግሥቱ የፍሳሽ ቱቦው በሞራ ተደፍኖ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ያንጠባጥብ ጀመር። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሊቀ መንበራችን ናቸው። መጥተው በር አንኳኩ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብተው ቆዳውን አዩ፣ የተደፈነውን ቱቦ አዩ፣ ከዚያ ቀና አሉና ብዙ ዝም ብለው ቆዩ።

"ይሄ ሹራብ እዚህ ምን ይሠራል?" አሉኝ።

ማስታወቂያው ከሰዓት በኋላ ተለጠፈ፤ ክብ ማኅተም አለው።