ለተከበረው የጥገና ክፍል፦ ኢሙሌተር ሲንፏቀቅ ከፎርማት በፊት ስለሚታዩ ነገሮች

ጉዳዩ፦ በቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የእጅ ጌም ኢሙሌተር ሲበላሽ ስለሚደረግ ምርመራ

የእጅ ጌም ኢሙሌተር በኪስ ይያዝ የነበረን መጫወቻ ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የኒንቴንዶ ጌም ቦይ በ4.19 ሜጋኸርዝ፣ በ2001 የተከተለው ጌም ቦይ አድቫንስ በ16.78 ሜጋኸርዝ ይሠሩ ነበር። በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የሶኒ ፒኤስፒ እንኳ ከ333 ሜጋኸርዝ አያልፍም። ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ዛሬ በየቢሮው ያለ ተራ ላፕቶፕ ጉልበተኛ ነው። ስለዚህ ደህና ላፕቶፕ ላይ የፒኤስፒ ጌም ቢንፏቀቅ ምክንያት አለው፤ ቢፈለግም ይገኛል። የተከበረው የጥገና ክፍል ምክንያት ከመፈለግ ፎርማት ማድረግን እንደሚመርጥ በቅርቡ በአንድ ባለጉዳይ ላይ ስለተረጋገጠ፣ ለባለሙያዎቹ ጠረጴዛ የሚሆን አጭር ማጣቀሻ ማዘጋጀት ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

መንፏቀቁን ቀድሞ የሚያስታውቀው ድምፅ ነው። ፒኤስፒም ጌም ቦይም በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ ያህል ሥዕላቸውን ያድሳሉ፤ ኮምፒውተሩ የመጫወቻውን ሲፒዩ፣ ሥዕልና ድምፅ አስመስሎ እያንዳንዷን ፍሬም ለመጨረስ ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ቢዘገይ ዓይን ጥቂት ይታገሣል። ጆሮ ግን ወዲያው ይይዘዋል፤ ሙዚቃው መቆራረጥና መንተባተብ ይጀምራል። በመሆኑም «ድምፁ ይቆራረጣል» ብሎ የመጣ ደንበኛ ስፒከሩ ተበላሽቷል ማለቱ ላይሆን ይችላል። ያም ሆኖ ክፍሉ ስፒከሩን ፈትቶ ማየቱ የሚያስመሰግን ትጋት ነው።

ቀጥሎ ማነቆው የት እንደሆነ ይለያል። ለፒኤስፒ በብዛት የሚሠራበት ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱን በመቶኛ ስክሪኑ ጥግ ላይ ማሳየት ይችላል። 100 ከሆነ ሙሉ ነው፤ 45 ከሆነ ጌሙ ከግማሽ በታች እየሄደ ነው። ከዚያ የሥዕሉ ጥራት ዝቅ ይደረጋል። የፒኤስፒ ስክሪን 480 በ272 ነጥብ ነው፤ ጥራቱ አራት እጥፍ ሲባል በወርድም በቁመትም ስለሚባዛ ኮምፒውተሩ የሚስለው 16 እጥፍ ይሆናል። ወደ አንድ እጥፍ ሲመለስ ፍጥነቱ ከተስተካከለ ማነቆው ግራፊክሱ ነው። ምንም ካልተለወጠ ሲፒዩው ነው። ሲፒዩው ከሆነ በኢሙሌተሩ ሴቲንግ ውስጥ «ጂት» የሚለው መመረጡ ይታያል፤ ጂት የመጫወቻውን ትእዛዞች አንድ ጊዜ ተርጉሞ እያስቀመጠ የሚሠራ ሲሆን፣ በአንጻሩ «ኢንተርፕሪተር» እያንዳንዱን ትእዛዝ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚያነብ በብዙ ይዘገያል። ጂት ተመርጦም ካልፈጠነ፣ የኮምፒውተሩ ሲፒዩ ራሱ በምን ፍጥነት ላይ እንዳለ ማየት ይቀራል።

ለዚህ ካቻቢቴ አያስፈልግም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሥር የሲፒዩው ፍጥነት በጊጋኸርዝ ተጽፎ ይታያል። ጌሙ ክፍት ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከ1 በታች ተቸንክሮ ከቀረ፣ ላፕቶፑ ራሱን ሆን ብሎ ይዞታል ማለት ነው። አንዱ ምክንያት የባትሪ ቁጠባ ነው፤ መብራት በሄደ ጊዜ ተከፍቶ የተረሳ ቁጠባ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ሌላው ሙቀት ነው፤ ፋኑ በአቧራ ሲታፈን ሲፒዩው እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሦስተኛውን ብዙዎች አያስቡትም። አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሚሰጥ የሚናገር ምልክት ከራሱ ከቻርጀሩ ይጠብቃሉ። ምልክቱ ካልደረሳቸው ቻርጀሩን አያምኑትም፤ ባትሪውን አይሞሉም፣ ሲፒዩውንም ወደ ታች ይጎትቱታል። ዎርድ ላይ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ይህ ላይታወቀው ይችላል። ኢሙሌተር ግን ሲፒዩውን አጥብቆ ስለሚፈልግ ያጋልጠዋል። ጌም ተብሎ የሚናቅ ፕሮግራም ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የቻርጀርን ጉድ የሚያወጣው በዚህ ነው።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ተደምሮ አንድ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። በተከበረው ክፍል የተከናወነው ግን እንደሚከተለው ነው።

ባለጉዳዩ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ የመንግሥት ጡረተኛ ናቸው። ላፕቶፓቸውን ታቅፈው፣ ተራ ይዘው፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ የመስኮቱ ልጅ ቀና ሳይል «ችግሩ?» አለ። «የፒኤስፒ ኢሙሌተር ስታክ ያደርጋል፤ ድምፁም ይቆራረጣል። በፊት ደህና ይሠራ ነበር፣ ካለፈው ወር ወዲህ ነው» አሉ። ለሚሰማ ሰው ይህ ግማሽ ምርመራ ነበር። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ላሉት ባልደረቦቹ ጮኾ አወጀ፦ «ጌም ነው!»

ሳቅ ተሰማ። አንዱ ባለሙያ ካቻቢቴውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«የልጅዎ ነው ጋሼ?»

«የራሴ ነው።»

«የራስዎ!» አለና ወደ ባልደረቦቹ ዞረ። «የእኛ አባት በእርስዎ ዕድሜ ዳዊት ነው የሚደግሙት።»

አግዳሚው ላይ የነበሩ አንዲት ወይዘሮ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። አንድ ወጣት አዛውንቱን ለማየት ስልኩን ዝቅ አደረገ፤ በስልኩ ላይ የእግር ኳስ ጌም ክፍት እንደነበረ በመዝገብ ይያዝ። ባለጉዳዩ ጆሯቸው ጋለ። ስለ ድምፁ፣ ስለ መቶኛው፣ ያዩትን ሁሉ ሊያስረዱ ጀመሩ፤ «እሺ እሺ ጋሼ፣ እናየዋለን» ተባሉ። ልጁ ቅጹ ላይ የብልሽት ዓይነት በሚለው ሣጥን ውስጥ «ጌም» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ባለጉዳዩ ቅጹን ተቀብለው «ማሳሰቢያ» በሚለው ቦታ በገዛ እጃቸው «ዲ ድራይቭ አይነካ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ልጁ ሳያነበው ከሌሎች ወረቀቶች ጋር በስፒል አያያዘው።

ላፕቶፑ ሲመለስ «ተሠርቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ዊንዶውሱ አዲስ ነው። ሲ እና ዲ ተዋህደው አንድ ድራይቭ ሆነዋል። ዲ ላይ የነበረው የለም። ባለጉዳዩ ማሳሰቢያቸውን በጣታቸው አሳዩ። ልጁም ቅጹን ገልብጦ በጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አሳየ፦ ለሚጠፋ ዳታ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም። ከዚያም ለማጽናናት ይመስላል፣ «ያው ጌም አይደል? እንደገና ይጫወቱታል» አለ።

ሰው ተናግሯል። ጽፏል። ፈርሟል። አላነበቡትም። አንብበው ችላ ቢሉት እንኳ ንቀት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ይህ ግን ስንፍና ነው፤ እየሰነፉ በሰው ላይ መሳቅ ደግሞ ብልግና ነው። የሌላውን ዓመታት ደምስሶ ገንዘብ መቀበል ስሙ ምን እንደሆነ ከመስኮቱ ልጅ በቀር ሁሉም ያውቃል።

የተከበረው ክፍል ለዚህ አንቀጽ ይቅርታ ይጠየቃል፤ ማጣቀሻ ጽሑፍ ረጋ ማለት ይገባዋል። ጸሐፊውና ባለጉዳዩ አንድ ሰው መሆናቸውም በዚህ ታውቆ ይሆናል። ጸሐፊው ስለ ራሱ «እሳቸው» እያለ መጻፉ ክፍሉ ያጓደለውን ለመሙላት ነው።

«ያው ጌም» የተባለው ምን እንደነበር በሥርዓት ይገለጽ። ፖክሞን ጎልድን የመሳሰሉ የጌም ቦይ ካርትሪጆች ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚይዙት በ32 ኪሎባይት ሜሞሪ ነው፤ ሜሞሪዋን በሕይወት የምታቆያት ካርትሪጁ ውስጥ የተበየደች ክብ ባትሪ ናት። ባትሪዋ የጌሙን ሰዓትም ስለምታንቀሳቅስ ቶሎ ትደክማለች። ስትሞት ሁሉም አብሯት ይሄዳል። ባለጉዳዩ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ካርትሪጃቸውን፣ ባትሪው ሳይሞት፣ በካርትሪጅ ማንበቢያ ወደ ዲ ድራይቭ ገልብጠውት ነበር። ባትሪው ከዚያ ወዲህ ሞቷል። ሜሞሪው 32,768 ባይት ነው፤ አንድ የስልክ ፎቶ በብዙ ይበልጠዋል፣ ፍላሽ ላይ ለመገልበጥም ዓይን እስኪርገበገብ ይበቃል። በውስጡ ልጆቻቸው ገና ቤት ሳሉ ተራ እየተቀባበሉ ያሳደጓቸው፣ በየጓደኞቻቸውና በጎረቤት ውሻ ስም የጠሯቸው ፖክሞኖች ነበሩ። «እንደገና ይጫወቱታል» ያለው ልጅ እነዚያን ስሞች ከየት እንደሚያመጣቸው አልተናገረም።

ለባለሙያ የሚሆነው ትምህርት አጭር ነው። ጌሙ ራሱ የሚያስቀምጠው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ኢሙሌተር ተወስዶ ይሠራል። ኢሙሌተሩ «ሴቭ ስቴት» ብሎ የሚያስቀምጠው ግን የዚያች ቅጽበት የማሽኑ ሙሉ ቅጂ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሲታደስ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳይገለበጥ ዲስክ አይነካም። በፒፒኤስኤስፒፒ ውስጥ ይህ ያለው «ፒኤስፒ» በሚለው ፎልደር ሥር «ሴቭዳታ» ከሚለው ውስጥ ነው።

ላፕቶፑ ቤት ሲደርስ ኢሙሌተሩ እንደ አዲስ ተጫነ፤ ጭራሽ አልከፈት አለ። ይህም ምክንያት አለው። ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን የግራፊክስ ድራይቨር ካልተከተለው «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በሚባል መጠባበቂያ ላይ ይቀራል። መጠባበቂያው መስኮትና ጽሑፍ ያሳያል እንጂ የግራፊክስ ቺፑን አያሠራም፤ ፕሮግራሞች ሥዕል ለመሳል የሚጠቀሙበት ኦፕን ጂኤልም ከ1.1 አያልፍለትም። ይህን ያህል ያረጀ ኦፕን ጂኤል ደግሞ ለፒፒኤስኤስፒፒ አይበቃውም። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን መክፈት ሁሉንም ያሳያል። «ተሠርቷል» ብሎ ወረቀት የለጠፈው ባለሙያ ይህን አልከፈተም፤ ጌሙንም ከፍቶ አላየም። ጌም ነዋ።

አንድ የሠፈር ተማሪ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዶ ጫነው። ጌሙ ተከፈተ፤ ልክ እንደ ቀድሞው ተንፏቀቀ። ተማሪው ታስክ ማናጀርን ከፍቶ የሲፒዩውን ፍጥነት አየ፤ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ነው። ቻርጀሩን ነቀለ፣ ከጎረቤት ተመሳሳይ ላፕቶፕ ቻርጀር አምጥቶ ሰካ። መቶኛው 100 ሆነ፤ ሙዚቃውም ተስተካከለ። የተነቀለው ቻርጀር «ኦሪጅናል» ተብሎ የተሸጠው ባለፈው ወር ነው። የሸጠው የተከበረው ክፍል ነው።

የቀሩት ብልሽቶች ባጭሩ ይታያሉ። የኒንቴንዶ ዲኤስ ኢሙሌተሮች አንዳንዶቹ ከመጫወቻው የተቀዱ የባዮስና የፈርምዌር ፋይሎችን ይፈልጋሉ፤ ፒፒኤስኤስፒፒ ግን የፒኤስፒን ሲስተም ሥራ ራሱ ስለሚሠራ ባዮስ አይጠይቅም። በከፊል የወረደ ወይም የተበላሸ የጌም ፋይል ጥቁር ስክሪን ያመጣል፤ ሌላ ጌም ከፍቶ ማወዳደር ይበቃል። ፖክሞን ፋየር ሬድ ቪዥዋል ቦይ አድቫንስ በተባለው የቆየ ኢሙሌተር ላይ ሴቭ አልሆን ሲል «1ኤም ሰብሰርኪት ቦርዱ አልተገጠመም» የሚል መልእክት ሊያወጣ ይችላል። የሚጎድል ቦርድ የለም፤ ኢሙሌተሩ የሴቭ ሜሞሪውን 64 ኪሎባይት ብሎ ገምቶ ጌሙ 128 ስለፈለገ ነው፣ በሴቲንግ ይቀየራል። ይህ መልእክት በተከበረው ክፍል ፊት ወጥቶ ቢሆን ደንበኛው ማዘርቦርድ ይገዛ እንደነበር አያጠራጥርም።

ክፍሉ ስልክ እንደማያነሣ፣ ቀጠሮ እንደማያከብርና መለዋወጫ ሁልጊዜ «መንገድ ላይ» እንደሆነ በአግዳሚው ላይ የሚቀመጡ ሁሉ ያውቁታል፤ እዚህ መዘርዘሩ ወረቀት ማባከን ነው።

የሚጠየቀው የቻርጀሩ ዋጋና የፎርማት ክፍያው እንዲመለስ፣ ማሳሰቢያ የሚለው ቦታም ወይ እንዲነበብ ወይ ከቅጹ እንዲወጣ ነው።

ግልባጭ፦
ለሒሳብ ክፍል፤ የሁለቱ ክፍያዎች ደረሰኝ ተያይዟል።
ለመስኮት ቁጥር 2፤ ቻርጀሩ ተያይዟል።