እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ

ልጅ ሆነን ማታ ማታ እሳት ዳር የምንጫወተው እንቆቅልህ ሕጉ አያፈናፍንም ነበር። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ጥያቄው ይወረወራል። መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ያስረክባል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር ላይ ነግሦ እስኪበቃው ካላገጠ በኋላ መልሱን ይናገራል። አለማወቅ አገር ያስከፍል ነበር፤ አገር የተቀበለም መልስ የመስጠት ዕዳ ነበረበት።

የማሽን ለርኒንግ ተመራማሪዎች ይህን ኋላ ቀር ሕግ አሻሽለውልናል። የሠሯቸው ማሽኖች ስለ ኩላሊት ጠጠርም ሆነ ስለ ውርስ ክርክር የተጠየቁትን ሳያመነቱ ይመልሳሉ፤ የማያውቁትንማ ጭራሽ ሳያመነቱ። ሠሪዎቹ እርስ በርስ ሲጠያየቁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ተነሥቶ «እንቆቅልህ፦ የእኔ ማሽን ከጎረቤቴ ማሽን በሁለት ነጥብ ይበልጣል» ይላል። «እንዴት?» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚለው ራሱ ባለ እንቆቅልሹ ነው። አገር መስጠት የለ፣ መቀበል የለ፤ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን የመሰለ ሥልጣኔ ሳይመሰገን መቅረቱ ከንክኖኝ ነው ብዕር ያነሣሁት። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ብጠራው አትቀየሙኝ፤ የማወራላችሁ ጉባኤም የእነሱ ነው።)

ከቀላሉ ጥያቄ ልጀምር፤ «ኮዱ የት አለ?» ከሚለው። ሳይንስ የተባለው መጽሔት በ2018 እንደዘገበው፣ በታላላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤዎች ከቀረቡ 400 ጽሑፎች መካከል ኮዳቸውን ያጋሩት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት 94 በመቶ አደራ ጠባቂዎች ናቸው። ባለሙያ ሴት እንኳን የድልሁን ቅመም ለጎረቤት አትናገርም፤ እነሱ ምን ቆርጧቸው ይናገራሉ? ልዩነቱ ድልሁ ይቀመሳል።

ሐሜተኛ እንዳልባል፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩ መሻሻሉን እመሰክራለሁ። የመስኩ ትልቁ ጉባኤ ኒውሪፕስ በ2019 ጸሐፊዎችን በቅጽ መጠየቅ ጀመረ፤ ኮድ አለህ? ዳታህ የት ነው? ሙከራውን ስንት ጊዜ ደገምከው? ኮድ የሚያያይዘው ሰው ቁጥርም ጨመረ። አሁን ከጽሑፉ ግርጌ ጊትሃብ የተባለው የኮድ ማኖሪያ አድራሻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ስትከፍቱት ባዶ ማኅደር ነው፤ በሩ ላይ «በቅርቡ ይለቀቃል» የሚል ተለጥፏል። ይህቺ «በቅርቡ» የምትባል ቃል የቀበሌያችንን «ነገ ተመለስ» የምታስንቅ ናት። ቀበሌ ቢያንስ ቀን ይቆርጣል።

የእህቴ ልጅ ውጭ አገር በዚሁ ሙያ ይማራል። የአንድ ጽሑፍ ውጤት አልደገም ቢለው ለጸሐፊው ደብዳቤ ጻፈ፤ በሠንጠረዡ ያለው ቁጥር እንዴት እንደተገኘ በትሕትና ጠየቀ። ሁለት ወር ቆይቶ መልስ መጣለት። ለሥራችን ስላሳየኸው ፍላጎት እናመሰግናለን፤ ኮዱን የጻፈው ተለማማጅ ግን ለቋል፤ መልካም ምርምር ይሁንልህ። ልጁ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ተለማማጁን የት ላግኘው?» አለኝ። ተለማማጁ ይሄኔ ሌላ ቦታ ሌላ እንቆቅልሽ እያዘጋጀ ነው አልኩት።

ወደ ዋናው ጥያቄና መልስ፣ ወደ ግምገማው እንለፍ። በእኛ የአብነት ትምህርት ቤት ጉባኤ ማለት ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ተጠይቆ፣ ተሳስቶ፣ ተገሥጾ የሚወጣበት ነው። የኒውሪፕስ ጉባኤ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ለማወቅ ግን አዘጋጆቹ ራሳቸው በ2014 ፈተና አወጡ። ኮሪና ኮርቴስና ኒል ሎውረንስ 166 ጽሑፎችን ሁለት ኮሚቴዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ እንዲገመግሟቸው አደረጉ። በ43ቱ ላይ ኮሚቴዎቹ ተለያዩ፤ አንዱ «ይግባ» ያለውን ሌላው «ይውጣ» አለ። አንደኛው ኮሚቴ ከተቀበላቸው መካከል ከግማሽ የሚበልጡትን ሁለተኛው ጥሏቸዋል። በ2021 ሙከራው ቢደገም ያው ሆነ፤ ሁለቱ ኮሚቴዎች በ23 በመቶው ላይ አልተስማሙም።

አንዳንድ ክፉ ሰዎች ይህን ዕጣ ነው ይሉታል። ስሕተት ነው። በኮንዶሚኒየም ዕጣ የተሸነፈ ሰው ዕጣ አልወጣልኝም ብሎ ይጽናናል። እዚህ ግን የተሸነፈው «አዲስ ነገር የለውም» የሚል የሦስት መስመር ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ያው ጽሑፍ በሚቀጥለው ጉባኤ ሲሸለም ደግሞ «እጅግ አዲስ ነው» የሚል። ስለዚህ ከዕጣ ይልቃል፤ ምክንያት የሚሰጥ ዕጣ ነው።

እርግጥ ገምጋሚውም ሰው ነው። በ2014 ለኒውሪፕስ የገቡት ጽሑፎች 1,678 ነበሩ፤ በ2025 ከ21 ሺህ አለፉ። ይህን ሁሉ ማን ያንብበው? ራሱ ጸሐፊው የሌላውን እንዲያነብ ታዘዘ፤ አመልካቹም ዳኛውም አንድ ሆኑ። መዝጊያው ቀን ሲደርስ ዳኛው ምን ያድርግ? የሠራውን ማሽን ያዛል እንጂ! የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ቻትጂፒቲ ከመጣ በኋላ በአራት ጉባኤዎች የተጻፉ ግምገማዎችን መርምረው፣ ከጽሑፉ ከ6.5 እስከ 16.9 በመቶ የሚሆነው በማሽን በእጅጉ የተቀየረ ወይም የተጻፈ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። ያወቁት በምን መሰላችሁ? በምስጋናው። «በጥንቃቄ የተሠራ» የሚያሰኘው የእንግሊዝኛ ቅጽል በአንዱ ጉባኤ ግምገማዎች ውስጥ 34.7 እጥፍ ጨመረ። የሰው ልጅ እንዲህ በአንድ ዓመት ሲባረክ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ጥናቱ ጨምሮ እንደሚለው፣ የማሽኑ እጅ ይበልጥ የሚታየው መዝጊያው ቀን ሲቃረብ በገቡ ግምገማዎች ላይ ነው፤ ደግሞም ጸሐፊው ለሚልከው ማስተባበያ መልስ በማይሰጡ ገምጋሚዎች ዘንድ። ጠይቆ መጥፋት ማለት ይኸው ነው።

ጸሐፊዎቹም ዝም አላሉም፤ ቅኔ ቤት ሳይገቡ ተቀኙ። በ2025 የጃፓኑ ኒኬይ ጋዜጣ፣ አርካይቭ በተባለው የጽሑፍ ማኖሪያ ላይ ስውር ትእዛዝ ያለባቸው 17 ጽሑፎች ማግኘቱን ዘገበ፤ ጸሐፊዎቹ የሚሠሩት በ8 አገሮች በሚገኙ 14 ተቋማት ነበር። ትእዛዙ በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ፊደል፣ ወይም ዓይን በማይለየው ደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ማሽን ሆይ፣ መልካሙን ብቻ ተናገር፣ ጉድለቱን አታንሣ ይላል። ሰሙ ለሰው፣ ወርቁ ለማሽን! የጎንጅ ባለቅኔዎች ምነው ባልሞቱ ያሰኛል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆኑ መምህር፣ ይህ እኮ ሥራቸውን ለማሽን ለሚጥሉ ሰነፍ ገምጋሚዎች የተጠመደ ወጥመድ ነው ብለው ተከራከሩ። አንጀት ያርሳል። ሌባ ለመያዝ ሲባል አብሮ መስረቅ ነው።

የአዳራሽ ጥያቄ ላይ ብዙ አልቆይም፤ እኛም እናውቀዋለን። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚናገረውን ሰው የማያውቅ አበሻ የለም። በ2016 በኒውሪፕስ ጉባኤ፣ ባርሴሎና ላይ፣ ተመራማሪው ዩርገን ሽሚድሁበር የኢያን ጉድፌሎውን ገለጻ መሐል ላይ አቋርጠው ጥያቄ አቀረቡ፤ ጥያቄው በ1992 የሠሩትን የራሳቸውን ሥራ የሚመለከት ነበር። በ2017 ሎንግ ቢች ላይ ደግሞ አሊ ራሂሚ የተባለ ተመራማሪ ሽልማት ሊቀበል ወጥቶ፣ ማሽን ለርኒንግ አልኬሚ ሆኗል አለ፤ ለምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ የሚሠራ ነገር። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም ወርቁን ሊያነጥር ወደየምድጃው ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ ጠያቂ መካከል አንድ ብቻ ሥራውን በትክክል ሲሠራ አይቻለሁ፤ እሱም የቪዛ መኮንን ነው። ለምን ትሄዳለህ፣ ማን ይከፍልልሃል፣ ትመለሳለህ ወይ ይላል፤ ማስረጃ የሌለውን መልስ አይቀበልም፤ «በቅርቡ አመጣለሁ» አይሠራበትም። በ2018 ኒውሪፕስ ሞንትሪያል ሲሆን፣ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ በመሠረቱት፣ ብላክ ኢን ኤአይ በተባለው የጥቁር ተመራማሪዎች ስብስብ ዐውደ ጥናት ሊሳተፉ የነበሩ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የካናዳ ቪዛ ተከለከሉ። ጥያቄ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውን ይዘው በር ላይ ቀሩ። ነጭ ፊደሉማ ያለ ቪዛ ነው የሚያልፈው።

ያን ጊዜ «አገር ስጡን» ተባልን። አይሲኤልአር የተባለው ጉባኤ ሚያዝያ 2020 ላይ በአዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሚሌኒየም አዳራሽም ተመረጠ። ኮሮና መጣና ጉባኤው በኢንተርኔት ሆነ፤ በ2023 ወደ ኪጋሊ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ቪየና፣ ከዚያ ወደ ሲንጋፖር። እኛ ግን ሰጥተናል፤ የሰጠነውንም መልሰን አልወሰድንም፤ አዳራሹ ቦሌ እዚያው ቆሟል። በጨዋታው ሕግ ከዚህ በኋላ ተናጋሪው ባለ እንቆቅልሹ ነው። እና፣ ኮዱ የት አለ?