እንኳን ሚስን ወሰዳችሁልን

የልጄን የኬጂ መምህር አንድ የክፍሉ ቤተሰብ ለራሱ ልጅ ሞግዚት አድርጎ ወሰዳት። ዓመቱ ተጋምሶ፣ ልጆቹ «ሀ»ን ከ«ለ» መለየት ሲጀምሩ። ርእሰ መምህሩ ለቀረነው ወላጆች በቴሌግራም «መምህርት በግል ምክንያት ለቃለች» ብሎ ጻፈልን። የግል ምክንያቱ የሚኖረው ከትምህርት ቤቱ ሁለት ቅያስ አለፍ ብሎ፣ ቪላ ውስጥ ነው።

እኔ የተነሣሁት ግን ቤተሰቡን ላመሰግን ነው። እኛ ሞኞቹ ሞግዚት ስንፈልግ ደላላ ጋ እንሄዳለን፣ ኮሚሽን እንከፍላለን፣ ተያዥ አምጪ እንላለን፣ ከዚያም ልጁን ለማናውቃት ሴት ጥለን ለመውጣት እየፈራን ከሥራ እንቀራለን። እነሱ ብልሆች ናቸው። የትምህርት ማስረጃውንም፣ ተያዡንም ትምህርት ቤቱ ጨርሶላቸዋል። የሙከራ ጊዜዋንም የጨረሰችው በእኛ ልጆች ላይ ነው፤ ሠላሳ ልጅ አንድ ላይ ሲያለቅስባት ያልጮኸች ሴት በአንድ ልጅ አትጮኽም። ሠላሳ ወላጅ ከፍሎ አንድ ቤት ሞግዚት ሲመርጥ፣ ቁጠባ ማለት ይሄ ነው።

አካሄዳቸውም ጨዋነት የሞላበት ነው። መጀመሪያ «የልጁን ሁኔታ ለመከታተል» ተብሎ ስልኳ ይወሰዳል። ለበዓል ነጠላ ይሰጣታል። ከዚያ «እስቲ እሁድ ቡና ጠጪ» ትባላለች። አቦል ላይ ደመወዟን ይጠይቋታል፣ ቶና ላይ ያዝኑላታል፣ በረካ ላይ እጥፉን ይነግሯታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዕድገቱ ማለቴ ነው። የኬጂ መምህር ሳሎን ውስጥ ቆማ «ሰልፍ ያዙ!» ስትል የሚሰለፈው አንድ ልጅ ነው። ከፊትም እሱ፣ ከኋላም እሱ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ከአንድ ተማሪ አንደኛ ይወጣል፤ ኬክ ይቆረሳል፤ አያትየው ካርዱን አገላብጠው «መጨረሻም የወጣው እኮ እሱ ነው» ይሉና ቤቱ ይታመሳል። ስለዚህ ተፎካካሪ ይቀጠራል። የሥራ መደቡ፦ ሁለተኛ የሚወጣ ልጅ። ተጠሪነቱ፦ ለሞግዚቷ። ተፈላጊ ችሎታ፦ «ለ»ን እያወቁ አለማወቅ። ግን በሁለት ልጅ አኩኩሉ አይደምቅም፤ ሌሎችም ይጨመራሉ። የሚናከስ አንድ፣ የሚያለቅስ አንድ፣ ምሳ ዕቃውን ተነጥቆ ዝም የሚል አንድ። ይኸኛው ውድ ነው፤ ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህም የጎረቤቱ ቪላ ዓይኑን ይጥልበታል፤ ቡና ስለማይጠጣ በከረሜላ ይጠሩትና በእጥፍ ያስኮበልሉታል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ቤተሰብ «ምን ዓይነት ዘመን ደረስን! ያሠለጠንነውን ልጅ! ኧረ ይሉኝታ የት ሄደ?» እያለ በምሬት ያለቅሳል። ሆኖም ተስፋ አይቆርጥም፣ ሌላ ይቀጥራል። ቪላው ሠላሳ ልጅ ይሞላል። ዘበኛው ደወል ይደውላል፣ በር ላይ ሰርቪስ ይደረደራል፣ ለሚስ ረዳት ይቀጠርላታል። አንድ ቀን እናትየው ወደ ሳሎኑ ብቅ ብለው ሲያዩ ልጃቸው ከሠላሳው መካከል ጠፍቷል። «ልጄ ትኩረት አጣ!» ይላሉ። ከዚያም ረዳቷን እሁድ ፎቅ ላይ ቡና ይጠሯታል።

የቀሩትን በረከቶች በአጭሩ ልጥቀስ። በትምህርት ቤቱ ረዳት የነበረችው በአንድ ሌሊት መምህር ሆናለች፤ ደመወዟ ግን ሌሊቱን አልሰማም። ልጄ «ሀ» ላይ ቆሟል፤ ቆንጆ ፊደል ስለሆነ አንቸኩልም። ሚስም በሕፃናት ትምህርት ያገኘችውን ሰርተፊኬት በካልሲ አጠባ አስፋፍታዋለች።

ሕጉም ከቤተሰቡ ጋር ነው። ትምህርት ቤት ሳለች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያውቃት ነበር፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት፣ ብትወልድ 120 ቀን። ለጡረታዋም አሠሪዋ 11 በመቶ ማዋጣት ነበረበት። የቪላውን በር ስትሻገር ይህ ሁሉ ከዘበኛው ጋር ውጭ ይቀራል፤ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትምና። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም ያወጣል ብሎ ነበር። ደግነቱ ጡረታዋ ሩቅ አይደለም፤ ልጁ 7 ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ሲገባ ትወጣለች። በሃያዎቹ ዕድሜ ጡረታ መውጣት ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?

ሽሙጤ እዚህ ላይ አለቀብኝ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከወር ወር የማያደርስ ደመወዝ እየበላች እጥፍ ሲቀርብላት «የሠላሳ ልጅ ፍቅር ይበልጥብኛል» እንድትል የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ እሱ ራሱ በዚያ ደመወዝ አንድ ወር ይኑርና ይንገረን። የትምህርት ቤቱ ባለቤት በየተርሙ ከእያንዳንዳችን ይቀበላል፤ ለእሷ የሚደርሳት ፍርፋሪው ነው። ቤተሰቡም ይህን በገዛ ጆሮው ሰማ፣ በገዛ ሳሎኑ ቡና እያፈላ። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ጨምሩላት» ማለት ሲችል ለብቻው ወሰዳት። ይሄ ስግብግብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እናንተ ወላጆች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ባለቤቱ የክፍያ ጭማሪ ሲያነሣ «ከዚህ ውስጥ ለመምህሯ ስንት ይደርሳታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።