የእረኛ ተረብ ተንቆ አይታለፍም

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ ነፋስ መውጫ ላይ ቆሞ፣ ብርዱ ያንቀጠቀጠን ተሳፋሪዎች ሻይ ፍለጋ ወረድን። አጠገቤ የተቀመጠ የአገሩ ጎልማሳ የያዝኩትን መጽሐፍ ገለጥ አድርጎ አየና «የሮማ እረኛ ለጋይንት ሰው ምን ይፈይድለታል?» አለኝ።

«የጋይንት እረኛ የሚለውን ስለሚል ነው የማነበው።»

«በሞተ ቋንቋ?»

«ግእዝንም ሞተ ይሉታል። ዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት፣ ቤተልሔም ድጓ የሚያስመሰክሩት በየትኛው ቋንቋ ነው?»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ እኔ ተሳፈርኩ፣ እሱ ቀረ። የቀረውን መልስ እዚህ ልስጠው።

ወንድሜ፣ መጽሐፉ «ኤክሎግ» ይባላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 የተወለደው ቨርጂል በላቲን የጻፋቸው ዐሥር የእረኞች ግጥሞች ናቸው። ሦስተኛው 111 መስመር ሲሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረብ ነው። ሜናልካስ ዳሞኤታስን የሰው በግ ሲጠብቅ ያገኘውና ነገሩን ይጀምራል፦ የአደራ በጎች አንጠፍጥፎ እያለበ ግልገሎቹን ያስርባል ይለዋል። ቆየት ብሎ ደግሞ የሰው ፍየል ሰርቀሃል ይለዋል። ዳሞኤታስ አያፈገፍግም። ፍየሉን በዜማ ረትቶ ያገኘው እንደሆነ፣ ባለቤቱም መረታቱን አምኖ መክፈል ግን አልችልም እንዳለ ይመልሳል። ሜናልካስ ይህንንም አያሳልፍለትም፤ አንተ መንታ መንገድ ላይ ሸንበቆ ከማንጫጫት ሌላ ምን ታውቃለህ የሚል መልስ ይወረውራል።

ከዚያ ውርርድ ይመጣል። ዳሞኤታስ ሁለት ጥጃ የምታጠባ ላም ያስይዛል። ሜናልካስ ግን ከመንጋው አንዲት እንኳ ለማስያዝ አይደፍርም፤ ቤት አባት አለ፣ ክፉ እንጀራ እናት አለች፣ ሁለቱም መንጋውን በቀን ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ። ማታ በረት ሲገባ አንድ ጠቦት የጎደለችበት ልጅ ይህን ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። ስለዚህ ሜናልካስ የተቀረጹ የእንጨት ዋንጫዎች ያስይዛል፣ ጎረቤታቸው ፓላይሞን ዳኛ ይሆናል።

ሕጉን ልብ በልልኝ። አንዱ ሁለት መስመር ይላል፤ ሌላው በዚያው ሐሳብ በሁለት መስመር መልሶ መብለጥ አለበት። ሁለት ቤት ያለው ቅኔ ጉባኤ ቃና አይደለም? የቅኔ ተማሪ ሜዳ ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ሲቆጥር የሚውለው ይህንኑ ነው። በመጨረሻ ሁለቱ እረኞች እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ፤ አንዱም የሌላውን አይፈታም። ዳኛው ሁለቱም ላሟ ይገባቸዋል ይላል። ሊቃውንቱ ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም በፍቺው ይከራከራሉ።

«ለበግና ለፍየል ይህ ሁሉ ምርምር?» ትለኝ ይሆናል። በጉማ ሰሙ ነው! ወርቁን በመጀመሪያው ግጥም ፈልገው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 ከተደረገው የፊሊጲ ጦርነት ማግስት ጀምሮ፣ የገበሬ መሬት እየተነጠቀ ለወታደር ይሰጥ ነበር። አንዱ እረኛ ርስቱ ተርፎለት ጥላ ሥር ተጋድሟል፤ ሌላው ተነቅሎ ፍየሎቹን እየነዳ ይሰደዳል። የጋይንት ሰው ርስት ማጣት ምን እንደሆነ እንዲገባው መምህር አያስፈልገውም።

አተረጓጎሙም እንግዳ አይሆንብህም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የነበረው ሰርቪየስ መስመር በመስመር ተርጉሞታል። ርስቱ የተረፈለት እረኛ ራሱ ቨርጂል ነው ይላል፤ ነገር ግን በሁሉም ቦታ ሳይሆን ምክንያት ሲያስገድድ ብቻ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ወርቅ በሌለበት ወርቅ የሚቆፍረውን ተማሪ የኔታ የሚገሥጹት በዚሁ ቃል ነው። አራተኛው ግጥም ስለሚወለድ ሕፃን ይናገራል፤ አንድም የቆንስሉ የፖሊዮ ልጅ ነው፣ አንድም የጦር መሪው የአንቶኒና የሚስቱ የኦክታቪያ ነው፣ አንድም፣ ኋላ ክርስቲያኖች እንዳሉት፣ ክርስቶስ ነው። የአንድምታ ጉባኤ የሰማ ጆሮ እዚህ ቤቱ ነው።

«ላቲን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚል ደግሞ ሌላ መልስ አለኝ። ከአማራ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ በ17ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊውን ሂዮብ ሉዶልፍን ግእዝና አማርኛ አስተማሩት፤ እሱም የተማረውን በላቲን ጻፈው። ሌላው ጀርመናዊ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተመው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት ፍቺው በላቲን ነው። የገዛ ቃላችንን ፍቺ ሌላ ሰው እያነበበልን እስከ መቼ?

ቨርጂል ኋላ «ኤኔይድ» የተባለ የ12 መጻሕፍት የጀግና ታሪክ ጻፈ። ሊሞት ሲል ይቃጠል ቢልም ቄሳሩ አውግስጦስ አላስቃጠለውም፤ ያለቀ ባይሆንም ተረፈ። የእኛ እረኞች ተረብ ግን ማንም ሳያቃጥለው እያለቀ ነው፤ ቃሉ የቀረው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነውና።

ስለዚህ አንተ የቅኔ ቤት ልጅ፣ ላቲን ተማርና ቨርጂልን በቀጥታ ወደ አማርኛ መልስልን፤ ሰምና ወርቅ ካንተ በላይ ለማን ይቀላል? አንቺም፣ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ በእረኝነት ያደጉ አያት ያሉሽ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ደብተር ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ከወንዝ ማዶ ምን ተባሉ፣ ምን መለሱ፣ ማንስ ረታ ብለሽ ጠይቂና ጻፊው።