ጉዳዩ፦ ወረቀት መቆጠብን ይመለከታል

የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ወረቀት ለመቆጠብ ሲነሣ መጀመሪያ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ባለ ማኅተም፣ ከአምስት ግልባጭ ጋር።

ቀጥሎ ሦስት ቅርጫት ይገዛል። ሰማያዊው የወረቀት ነው ተብሎ ቢለጠፍበትም፣ እስከ ረፋድ ድረስ የሙዝ ልጣጭና ዘይት የጠጣ የሳምቡሳ መጠቅለያ ይሞላዋል። ወረቀት የሚታደሰው በውኃ ተዘፍዝፎ ነውና፣ ዘይት የነካው ንጹሑንም ይዞት ይጠፋል። የማሽን ደረሰኝም ኬሚካል የተቀባ ስለሆነ ከሌላው ወረቀት ጋር አይደባለቅም። ደግነቱ የሚጨነቅ የለም፤ ማታ ሦስቱም በአንድ ማዳበሪያ ይገለበጣሉ።

የወረቀት ክር እያጠረ ስለሚሄድ የሚታደሰው ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ነው። ከበሩ ማዶ ያለችው ቆሎ ሻጭ ግን ያለ ኮሚቴና ያለ ሥልጠና ትሠራለች፤ የዓመቱን የዕቅድ ክንውን ሪፖርት ገጽ በገጽ ጠቅልላ፣ ለዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ መልሳ ትሸጥላቸዋለች። ምራቂም አለው።